ድንኳን ሲተከል ግቢውን ማን ይጠብቃል?

ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ ቡልቡላ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ካርቶን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ካርቶኑን አገላብጠው አዩት።

«ልጄ፣ ይህ የጁስ መፍጫ ነው?»

«አይደለም አባባ። ሌባ መጠቆሚያ ነው።»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ማራናታ ኤርሳዶ እባላለሁ። ይህን ሙያ ኮሌጅ አላስተማረኝም። የተበላሸ እየፈታሁ፣ የፈታሁትን መግጠም ሲያቅተኝ እያለቀስኩ፣ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ ነው የተማርኩት። ዲግሪ ያንጠለጠሉ ወንዶች «ማን አስተማረሽ?» ሲሉኝ «እናንተ የተኛችሁበት ሰዓት» እላቸዋለሁ። ሥራዬ ሲሳቅበት ዝም የምል ሴት አይደለሁም።

«አባባ፣ የሚስቁት ተሰርቀው ስለማያውቁ ነው?»

ሳቃቸው ቆመ። «ተሰርቄአለሁ እንጂ። በዚህ ሰሞን የውሃ ፓምፔን ነቅለው ወሰዱት። እሱስ ብረት ነው፣ ይተካል። የከፋኝ ሌላ ነው።»

አቶ ሆርዶፋ ይባላሉ። ቡልቡላ ጤፍ ይዘራበት በነበረ ጊዜ ገበሬ ነበሩ። ኮንዶሚኒየሙ እርሻቸውን ከቦ ሲመጣ የቀረላቸው ግቢ ውስጥ ዛሬም አንዲት ላም ያስራሉ። የሰፈሩ ዕድር ዳኛም ናቸው። የከፋቸውም ይህ ነው፤ ፓምፑ ሲሰረቅ የግቢው በር ስላልተሰበረ ልጃቸው ፌናን ጣቷን ዘበኛው ረታ ላይ ቀስራለች። እሁድ ሳይደርስ ይባረር ብላለች። ረታ ግን ከእርሻው ዘመን ጀምሮ አብሯቸው የኖረ ሰው ነው።

«እርስዎስ ይጠረጥሩታል?»

«ረታን ከምጠረጥር የገዛ እጄን ብጠረጥር ይቀለኛል። ልጄ ግን ‹ማስረጃህ ምንድን ነው?› አለችኝ። ‹ልቤ ነው› ብላት ሳቀችብኝ።»

«እንግዲያው ካሜራ ያስፈልግዎታል።»

«ተይ ኢንታላ ኮ፣ ተይ ልጄ!» ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ነረቱት። «በሰው ራስ ላይ ዐይን ሰቅሎ ‹አምንሃለሁ› ይባላል? ዛሬ ብሰቅለው ረታ ምን ይላል? ‹በመጨረሻ እሳቸውም ሌባ አደረጉኝ› ነው የሚለው። በእኛ ጊዜ አንድ ሰው ኡኡ ካለ መንደሩ ዱላ ይዞ ይወጣ ነበር። ካሜራችን ያ ነበር!»

ሐቁን ልናገር፣ ይህ ክርክር ያልተማረ ሰው ክርክር አይደለም። አሽከሩን አላስከፋም ብሎ ንብረቱን የሚያጣ ጌታ በዚህ ከተማ ስንት አለ? ቢሆንም ልተዋቸው አልፈለግኩም።

«አባባ፣ ያኔ ደጅ ከደጅ ይተያይ ነበር። ዛሬ አጥሩ ከጣሪያው ይበልጣል። እኛ ብሎክ ባለፈው ኡኡ ሲባል ሰው መስኮቱን ዘጋ እንጂ በሩን አልከፈተም። ለመሆኑ ፓምፑ ሲሰረቅ የት ነበሩ?»

«ለቅሶ። ጎረቤታችን አቶ ማሞ አርፈው ቀብር ወጥተን ነበር። የዕድር ዳኛ ሆኜ ልቀር ነው?»

«ባለቤትዎስ?»

«ለቅሶ።»

«ፌናን?»

«እሷም።»

«ረታስ?»

«ድንኳን ተከላ ላይ። እኔው ነኝ የላክሁት። ወንበር ሊያመጣ ወደ ቤት ተመላልሷል፣ ልጄም ‹ያኔ ነው› የምትለው ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ግቢውን ማን ይጠብቅ ነበር?»

አሰብ አደረጉና «ላሟ» አሉ።

ታክሲው እንደገና ሳቀ፤ አሁን እኔም ሳቅኩ።

«ሌባው ይህን ልማዳችንን ከእኛ በላይ ያውቀዋል፣ አባባ። የዕድር ጡሩምባ ሲነፋ እኛ ነጠላ ስናዘቀዝቅ እሱ ጆንያ ያዘጋጃል።»

«ታዲያ ለቅሶ እንቅር?»

«ኧረ አይቅሩ! ለቅሶ የደረሰ ሰው ተሰርቆ እንዳይመለስ ነው የምለው። ግቢዎን ልይልዎ። ካልጠቀምኩ ያባርሩኛል፤ መባረር አዲሴ አይደለም።»

አብረን ወረድን። ከግቢያቸው ጎን ባለቤቱ ጀምሮ የተወው ፎቅ ቆሟል። የባሕር ዛፍ መወጣጫው ተንጋዶ አጥራቸው ላይ ተደግፏል። እዚያ ጋ በአጥሩ ጫፍ የተሰካው የጠርሙስ ስባሪ ተደፍጥጧል፣ ሌላው ቦታ ግን እንደ ሾለ ነው።

«ያልተሰበረውን በር ስታዩ ከረማችሁ፤ ሌባው ግን ይህን መወጣጫ መሰላል አድርጎ ነው የሚገባው» አልኩ።

ፌናን ከቤት ወጥታ ሰማችኝ። «ረታ ራሱ ቢደፈጥጠውስ?» አለች። ባንክ ቤት የምትሠራ፣ አነጋገሯ የተመዘነ ልጅ ናት። ይህን ጊዜ ረታ ከላሟ በረት ብቅ አለ። ፀጉሩ የሸበተ፣ ኮቱ የተጣፈ ሰው ነው። አቶ ሆርዶፋ ዐይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

«ረታ፣ ይህች ልጅ ካሜራ እንስቀል ትላለች። እኔ አላልኩም።»

«ይሰቀል እንጂ ጋሼ!» አለ ረታ። «ከራሴ በላይ ይሰቀል። ሰው ሲጠረጥረኝ የምጠራው ምስክር አጥቼ ነው የከረምኩት። ቢያየኝ አይከፋኝም። የሚከፋኝ ያየኝ መጥፋቱ ነው።»

አቶ ሆርዶፋ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። ፌናንም «እንግዲያው ረታ ይቆይና እናያለን» አለች።

ሥራው ከባድ አይደለም። በመወጣጫው በኩል ሰው ሲንቀሳቀስ የሚያውቅ ትንሽ ሳጥን ሰቀልኩ። ሲም ካርድ ያጎረስኩት ማሽን ወደ አቶ ሆርዶፋ፣ ወደ ፌናንና ወደ ጎረቤታቸው ወደ ወይዘሮ አስመረት ስልክ ይደውላል፣ ሳይረኑም ይጮኻል። መብራት ቢጠፋ ባትሪ አለው። ካሜራውን ወደ አጥሩና ወደ በሩ አዞርኩት፤ የጎረቤት ደጅ የሚሰልል ካሜራ ከሌባው አይሻልምና። ከቤት ሲወጡ በትንሿ ቁልፍ ያበሩታል፣ ሲገቡ ያጠፉታል።

በማግስቱ ሳይረኑ ጮኸና ሰፈሩ ዱላ ይዞ ደረሰ። ላሟ ገመዷን በጥሳ ነበር።

«ሌባሽን ያዝንልሽ!» አሉኝ ወይዘሮ አስመረት።

የሰው ቁመት ብቻ እንዲያይ ሳጥኑን ከፍ አድርጌ አቀናሁት። ሰበብ አልደረደርኩም፤ ላሟን መርሳት የእኔ ስንፍና ነበር። ሲቀጥል ደግሞ ካሜራው ጨለማ ብቻ ያሳይ ጀመር። ሄጄ ባየው የአቶ ሆርዶፋ ባለቤት ወይዘሮ ብዙአየሁ ዳንቴል አልብሰውታል።

«እማማ፣ ምነው?»

«አቧራ እንዳይገባበት ነዋ! ቴሌቪዥኑንስ አለብሰው የለ?»

«ቴሌቪዥን ይታያል፤ ይሄ ግን ማየት አለበት።»

አልተጣላንም። ለዐይኑ ቀዳዳ ያለው ዳንቴል ሠሩለት።

ከዚያ በሰፈሩ ሌላ ሰው አረፈ። አቶ ሆርዶፋ አዲሱን ፓምፕ አይተው፣ ቁልፏን ተጭነው ወጡ። ረታም እንደ ልማዱ የድንኳኑን ምሰሶ ያዘ። እኔም ከእነሱ ጋር ለቅሶ ደርሼ አግዳሚው ላይ ነበርኩ። በድንገት የአባትና የልጅ ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ፣ ከወዲያ ሳይረኑ አስተጋባ። አቶ ሆርዶፋ ከዘራቸውን አንስተው «ኡኡ!» አሉ። ለቀስተኛው ሁሉ ተነሣ። በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በአጥር ብዛት ሰው ያለበት የማይመስለው ሰፈር፣ በሩን እየከፈተ ወጣ።

ስንደርስ ሌቦቹ መፍቻቸውን ጥለው በመወጣጫው ሸሽተዋል። ፓምፑ አልተነካም። ምስሉን ከፈትኩት። ሁለት ጎረምሶች በተደፈጠጠው ጠርሙስ ላይ ጆንያ ጣል አድርገው ወረዱ፣ ግራ ቀኝ ሳይሉም ወደ ፓምፑ ተራመዱ።

«መንገዱን የለመዱት ናቸው» አለች ፌናን በቀስታ። ረታን ድንኳኑ ውስጥ ምሰሶ እንደያዘ በዐይኗ አይታዋለች። ወደ እሱ ዞረች። «ጋሽ ረታ፣ ይቅር በለኝ።»

ረታ ወደ ካሜራው ቀና ብሎ «ለእሱ ንገሪው፤ ያመንሽው እሱን ነው፤ እኔስ ስናገር ከርሜአለሁ» አለና ሳቀ። ከዚያ ግን ፊቱን በኮቱ እጅጌ ጠረገ።

በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ አቶ ሆርዶፋ እኔንም ጠርተውኝ ቆሙ። «ስሙኝ» አሉ። «እኔ ይህን ነገር የሰው እምነት ያፈርሳል ብዬ ተከራክሬአለሁ። ያተረፈልኝ ግን ከፓምፑ ይልቅ ሰው ነው። ከእንግዲህ ጡሩምባ ሲነፋ ያለው መጠቆሚያውን ያብራ። የሌለው ቤቱን አይቶ እንዲደውልለት ከጎረቤቱ ጋር ይስማማ። በየመንገዱ አንድ ሰው በተራ ይቅር፤ የቀረው ሰው እንዳለቀሰ ይቆጠርለታል። ለቅሷችን ሙሉ ይሆናል፣ ቤታችንም ባዶ አይሆንም፣ ድሃም ያለ ማስረጃ ሌባ አይባልም።»

ከኋላ አንዱ «ማሽን ጎረቤት ይሆናል እንዴ?» ብሎ አሾፈ።

ልመልስለት ስነሣ አቶ ሆርዶፋ በእጃቸው አስቀመጡኝ።

«አይሆንም» አሉ። «ጮኾ ጎረቤት ይጠራል እንጂ። ያን ዕለት ከቤትህ ዱላ ይዘህ የወጣኸው ማን ጠርቶህ ነው?»