በሁለት ሳፋ የሄደው ሞተር

ኮምቦልቻ፣ ቅዳሜ ጠዋት። አቶ ደምሌ ግቢያቸው ውስጥ ከቆመው አሮጌ ላንድሮቨር ሥር በጀርባው ተኝቷል፤ ባለቤቱ ወይዘሮ እቴነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እግሩ አጠገብ ቆማለች።

እቴነሽ፦ ከእግርህ ጋር አይደለም የማወራው። ውጣና ፊት ለፊት መልስልኝ። ነገ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እሺ ትላለህ ወይስ አትልም?

ደምሌ፦ ቃሌን ሰጥቻለሁ እኮ። ትርሲት ከዚህ ግቢ ሙሽራ ሆና የምትወጣው በዚህ መኪና ነው። መኪናው የተነሳ ዕለት እሺ እላለሁ፤ እስከዚያ ግን ሞተር እየገጠምኩ ነው።

እቴነሽ፦ ሞተር ስትገጥም ሁለት ዓመት ሆነህ። ይኼ ደግሞ የሰዎቹ ሦስተኛ ጊዜ ነው። ሽማግሌ የላከው ኑርልኝ ትናንት ለልጅህ ለትርሲት ደውሎ አባቱ ያሉትን ነግሯታል። “ነገም እንዲሁ ከተመለስን ከዚያ ቤት ደጅ አንደርስም፣ ሌላ እንፈልግልሃለን” ብለዋል። እራቷን ሳትበላ ነው የተኛችው።

ደምሌ፦ እንዲሁ ነው እንዴ የተመለሱት? መጀመሪያ የመጡ ጊዜ የሦስት ሰዓት ትምህርት ሰጥቻቸዋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ቢሆን ኖሮ አራቱም ዲግሪ ይዘው ነበር የሚሄዱት።

እቴነሽ፦ እሱን አታንሳብኝ። ሰዎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው ቆመው፣ ገና “ልጅዎን ለልጃችን” ከማለታቸው አንተ ስለ ካምቢዮ ጀመርክ። አቶ አለባቸው የመጡበትን ጉዳይ ረስተው ስለ ናፍጣ ፖምፓ ሲጠይቁህ ዋሉ። ደሴ ከገቡ በኋላ ነው አሉ፣ “ለመሆኑ ሰጠን ወይስ ከለከለን?” ተባብለው የተያዩት።

ደምሌ፦ አቶ አለባቸው አስተዋይ ሰው ናቸው። ሞተር ይገባቸዋል።

እቴነሽ፦ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ደግሞ አስገፋሃቸው።

ደምሌ፦ ራሳቸው ናቸው “እናግዝዎ” ያሉት።

እቴነሽ፦ “አሁን ከተነሳ ዛሬውኑ ወስዳችሁ ዳሯት” ስትላቸው ምን ያድርጉ? ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ከዚህ በር እስከ ታች ድልድይ ድረስ ገፉልህ። የአቶ አለባቸው ጫማ ወልቆ ቦይ ውስጥ ገባ። በአንድ እግራቸው የራሳቸውን ቆዳ ጫማ፣ በሌላው የአንተን የሽንት ቤት ነጠላ ጫማ አድርገው ነው ደሴ የገቡት። የጫማው ነገር እስከ ዛሬ የት እንደደረሰ አልታወቀም።

ደምሌ፦ መኪናው እንዴት እንደሄደስ ለምን አትናገሪም? ነፋስ ነው። ሠፈሩ በሙሉ አይሮፕላን የወረደ መስሎት ወጣ። ከመቶ ሃያ በላይ ሳይሄድ አይቀርም።

እቴነሽ፦ ቁልቁለት ነበር፣ ደምሌ። አንዲት ላም ቀድማው ሄዳለች።

ደምሌ፦ ላሟ ደንግጣ ነው። ይኸው ወጣሁ፤ እስኪ ተቀመጪና ስሚኝ። አንቺ ይኼን ሞተር እንደ ማንኛውም ብረት ነው የምታዪው። ሐርቡ፣ አያ ሙሄ ወፍጮ ቤት፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የወሎን እህል ሲፈጭ የኖረ ሞተር ነው። ጠዋት ሲነሳ ከሚሴ ያለ ሕፃን ይባንን ነበር። ጭሱን አይቶ ዝናብ መጣ ብሎ ማሳውን ያረሰ ገበሬ አለ።

እቴነሽ፦ ቡፌዬን የሰጠህበት ሞተር።

ደምሌ፦ ቡፌ የትም አያደርስም።

እቴነሽ፦ የእኔ ቡፌ ሐርቡ ደርሷል። አያ ሙሄ ሳሎን ውስጥ ብርጭቆ ተደርድሮበት ቆሟል፤ ባለፈው ለቅሶ ስንሄድ አይቼው አንገቴን ደፋሁ።

ደምሌ፦ ሞተሩ እንዴት አያ ሙሄ እጅ እንደገባ ነግሬሻለሁ?

እቴነሽ፦ አርባ ጊዜ።

ደምሌ፦ አርባ አንደኛውን ስሚ። ቆራሊዮ ነው ያመጣለት። የሆነ አህያ የሆነ ሰውዬ፣ ሞተሩን ሲጠራርግ አቧራ እንዳይገባበት ብሎ የአየር መሳቢያውን በጨርቅ ይወትፈዋል። ከዚያ ጨርቁን ይረሳዋል። ሲያስነሳው እንቢ፤ ደግሞ ሲያስነሳው እንቢ። “ሞተሩ ሞቷል” ብሎ ነቅሎ ለቆራሊዮ ያስረክባል። አያ ሙሄ ጨርቁን መዘዝ አድርጎ ቢያስነሳው ከዚያ ቀን ጀምሮ አላቆመም። ይኼን ሲያጫውተኝ ከበርጩማው ላይ ወድቄ ነው የሳቅሁት። እንዲህ ያለ ሰው እንኳን መኪና ሊነካ ዶሮ እንዲጠብቅ አይፈቀድለትም።

እቴነሽ፦ እሺ፣ ሰምተናል። ታዲያ እንዲህ ያለ ጀግና ሞተር ገብቶልህ ምን ቀረህ?

ደምሌ፦ ሕግ።

እቴነሽ፦ የምን ሕግ?

ደምሌ፦ የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ቁጥር ጋር ካልገጠመ ይኼን መኪና መንገድ ላይ ማውጣት ወንጀል ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የዱሮው ሞተር ቁጥር ነው። ማስለወጥ አለብኝ። ማመልከቻ አለ፣ ምርመራ አለ፣ ፎቶ አለ፣ ማኅተም አለ። ሲፈጥን ለፋሲካ ነው። እኔ ልጄን በሕገ ወጥ መኪና አልድርም።

እቴነሽ፦ አሥራ አንድ ዓመት ዶሮ ስታሳድርበት የትኛው ሕግ ፈቀደልህ?

ደምሌ፦ ዶሮ መንጃ ፈቃድ አያስፈልጋትም።

እቴነሽ፦ እንዲህ እንደምትል ስላወቅሁ ሊብሬውን ከሳጥኔ ይዤው መጥቻለሁ። እስክሪብቶም ይዣለሁ። ማመልከቻህን እዚሁ እጽፍልሃለሁ። ኮፈኑን ክፈትና ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር አንብብልኝ።

ደምሌ፦ ቅባት ሸፍኖታል፤ አይነበብም።

እቴነሽ፦ በነጠላዬ ልጥረግልህ?

ደምሌ፦ ቆይ፣ ቆይ፣ በናፍጣ ልጥረገው። ይኸው። ከዚህ በፊትስ ማን አየው ብለሽ ነው። ጻፊ። ሁለት። ሰባት። አንድ። ዜሮ።

እቴነሽ፦ ቀጥል።

ደምሌ፦ ዜሮ።

እቴነሽ፦ አራት፣ ስምንት፣ ስምንት፣ ሦስት።

ደምሌ፦ አዎ፣ አራት፣ ስምንት፣ ስምንት... እንዴት አወቅሽ?

እቴነሽ፦ እኔ የማነበው ከሊብሬው ላይ ነው።

ደምሌ፦ ወዲህ በዪው እስኪ።

እቴነሽ፦ በቅባት እጅህ አትንካው፤ እኔ ልያዝልህ። አየኸው?

ደምሌ፦ አንድ ዓይነት ቁጥር ያላቸው ሁለት ሞተሮች ሊኖሩ ይችላሉ። መንታ ሞተር የሚባል ነገር አለ።

እቴነሽ፦ አያ ሙሄ ያወጣው ጨርቅ ምን ዓይነት ነበር አለህ?

ደምሌ፦ የሹራብ እጅጌ ነው ያለኝ።

እቴነሽ፦ ቀለሙስ?

ደምሌ፦ ... አረንጓዴ።

እቴነሽ፦ ትርሲት ዘጠነኛ ክፍል ሳለች የትምህርት ቤት ሹራቧ በአንድ እጅጌ ቀርቶ ስናገኘው፣ “አይጥ በልቶት ነው” ብለህ ምለህልኛል። ለዚያች አይጥ ሁለት ድመት አምጥቻለሁ።

ደምሌ፦ በጊዜው አይጥ በጣም ነበር።

እቴነሽ፦ ደህናውን ሞተር ራስህ በልጅህ ሹራብ ወትፈህ፣ ራስህ “ሞቷል” ብለህ፣ ለቆራሊዮ በሁለት ሳፋ ሰጠኸው። አንደኛው ሳፋ ይኸውልህ፣ ዶሮዎቹ ውሃ ይጠጡበታል። በሁለት ሳፋ ሸኝተኸው በቡፌ መለስከው።

ደምሌ፦ አንቺ በሌላ ዓይን ነው የምታዪው። እኔ ሥልጠና ልኬው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጠንክሮ፣ የጤፍ፣ የማሽላ፣ የበቆሎ ልምድ ቀስሞ ነው የመጣው። ከአገር አገር ብትዞሪ እንዲህ የተማረ ሞተር አታገኚም።

እቴነሽ፦ ዶሮ እንዳይጠብቅ ያልከውስ ሰውዬ?

ደምሌ፦ በሰውዬው ላይ ትንሽ ጨክኛለሁ።

እቴነሽ፦ እንግዲህ ቁጥሩ ገጠመ። ሕጉም ታረቀህ። ማመልከቻም አያስፈልግ፣ ፋሲካም አይጠበቅ። አስነሳው።

ደምሌ፦ አይነሳም።

እቴነሽ፦ ደግሞ ምን ሆነ?

ደምሌ፦ የናፍጣ ቱቦ ይጎድለዋል። ጣት የምታክል የመዳብ ቱቦ ናት፣ ጫፏ ላይ እንዲህ ታጠፍ ያለች። ከፖምፓው ወደ ሞተሩ ናፍጣ የምታሳልፈው እሷ ናት፤ ያለ እሷ ሬሳ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ በኢትዮጵያ ምድር የለም። አዲስ አበባ አስጠይቄ አጣሁ፤ ናይሮቢ አስጠየቅሁ፤ የሉም አሉ። በመጨረሻ ከሕንድ አዝዣለሁ። አሁን መርከብ ላይ ናት።

እቴነሽ፦ መርከብ ላይ።

ደምሌ፦ ለእሷ ብቻ የተለየ ሣጥን ተሠርቶላት። ካፒቴኑ በየቀኑ ያያታል።

እቴነሽ፦ ታዲያ የትኛው መርከብ ነው በበርበሬ ዕቃዬ ውስጥ ያራገፋት?

ደምሌ፦ ምን?

እቴነሽ፦ ይቺው። ጣት ታክላለች፣ ጫፏ ላይ ታጠፍ ብላለች። ሽታት፤ የእኔ በርበሬ ነው፣ የሕንድ አይደለም።

ደምሌ፦ ... እዚያ ያስቀመጥኳት እንዳትዝግ ብዬ ነው።

እቴነሽ፦ መዳብ ይዝጋል?

ደምሌ፦ ያልጠረጠርሽው ነገር ነው የሚዝገው።

እቴነሽ፦ ደምሌ። ቀልዱን ተወውና እውነቱን ንገረኝ። ይኼ ሞተር ተነስቶ ያውቃል?

ደምሌ፦ ... በመስቀል ማግሥት። አንቺ ዕድር ሄደሽ፣ ትርሲት ፋርማሲው ነበረች። አንዴ ነካ ሳደርገው ተነሳ። አልጨመርኩም እቴ፣ አንዴ ብቻ። አንዴም አልተንገጫገጨም። ቁጭ ብዬ ስሰማው የሚነግሩት ሰው ፈለግሁ። ለትርሲት ልደውልላት ስል፣ ኑርልኝ ሽማግሌ ሊልክ ነው ብለሽ ጠዋት የነገርሽኝ ትዝ አለኝ። አጠፋሁና ቱቦዋን ነቀልኳት።

እቴነሽ፦ ቆይ። ቱቦ እንደሌለው እያወቅህ ነው እነዚያን ሽማግሌዎች እስከ ድልድይ ያስገፋኸው?

ደምሌ፦ ለጤናቸው ጥሩ ነው። አቶ አለባቸው ከዚያ ወዲህ ወገቤ ተሻለኝ ብለዋል አሉ።

እቴነሽ፦ አንተ ሰውዬ።

ደምሌ፦ እቴ፣ የብሎን መፍቻ ቁልፍ የምታቀብለኝ ትርሲት ናት። ገና ስድስት ዓመቷ ሳለ ጀምሮ። መኪና ሥር ሆኜ እጄን ስዘረጋ፣ አሥራ ሦስት ቁጥር ሳልል አሥራ ሦስት ቁጥርን እጄ ላይ ታስቀምጠዋለች። ደግሞም የምናገረውን ታምነኛለች። አንቺ ግማሹን ነው የምታምኚኝ።

እቴነሽ፦ ሩቡን።

ደምሌ፦ እሷ ሙሉውን። ደሴ ከገባች ለማን ነው የማወራው? ለዶሮዎቹ?

እቴነሽ፦ ደሴ እኮ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ናት።

ደምሌ፦ መሐል የሐረጎ ዳገት አለ። ሐረጎ ማለት ሌላ አገር ነው።

እቴነሽ፦ እንግዲህ ልንገርህ። ሙሉውን አታምንህም። ቱቦዋን ያገኘኋት እኔ አይደለሁም።

ደምሌ፦ ማን ነው ታዲያ?

እቴነሽ፦ ትርሲት። ከሁለት ወር በፊት፣ በርበሬ ስትጨልፍ ማንኪያዋን መታት። አውጥታ አየቻት፤ ምን እንደሆነችም ወዲያው ገባት፤ አንተው አይደለህ ያስተማርካት። ከዚያ መልሳ ቀበረቻት።

ደምሌ፦ መልሳ?

እቴነሽ፦ አንተ ካስቀመጥክበት ጠለቅ አድርጋ። ትናንት እያለቀሰች ስትነግረኝ፣ ለምን እንዲያ አደረግሽ ብላት “እኔም ቁልፍ ማቀበሉን አልጠገብኩም” አለችኝ። አሁን ግን ሰዎቹ ሊቀየሙ ነው፤ እሷም ልጁን ትወደዋለች፤ አንተን ደግሞ “አባዬ፣ በቃ” ማለት አልቻለችም። ይኼን ለእኔ ተወችው።

ደምሌ፦ ለካ ለዚህ ነው። ባለፈው ሳምንት አለች ወይ ብዬ ስፈትሽ እጄ እስከ ክርኔ ገባ። ሦስት ቀን ዓይኔን ባሸሁ ቁጥር አለቀስኩ።

እቴነሽ፦ በርበሬው ነው?

ደምሌ፦ በርበሬው ነው። ... እሺ፣ ስጪኝ ቱቦዋን። አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍም አቀብዪኝ።

እቴነሽ፦ እንካ።

ደምሌ፦ ይኼ አሥራ አራት ነው።

እቴነሽ፦ ታዲያ ቀስ እያልኩ እማር የለ። ይኼስ?

ደምሌ፦ ይኼ ልክ ነው። ያዢልኝ እዚህ ጋ። በርቺ። አሁን በሩን ክፈቺና የማስነሻ ቁልፉን ወደ ቀኝ አዙሪው፤ ሲያጓራ እንዳትደነግጪ።

እቴነሽ፦ ዞረ። ... ኧረ ደምሌ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየወጣ ነው።

ደምሌ፦ ይውጣ። ከሚሴም ሰምተዋል። አልነገርኩሽም? ይኼ ነው ሩቡ?

እቴነሽ፦ ግማሹን አምኛለሁ። አሁን አጥፋውና ነገ ለሽማግሌዎቹ የምትላቸውን ንገረኝ።

ደምሌ፦ ደውይላቸውና ነገ እንዳይመጡ ንገሪያቸው።

እቴነሽ፦ ምን አልክ አንተ?

ደምሌ፦ አይምጡ። እኔው ራሴ ሐረጎን ወጥቼ ከየደጃቸው ጭኜ አመጣቸዋለሁ። ትርሲት ከጎኔ ትቀመጣለች። የልጅቷ አባት ልጁን ሊለምኑት የሚመጡትን ሽማግሌዎች በራሱ መኪና ሲያመጣ ደሴ አይታም ሰምታም አታውቅም። መቶ ዓመት ይወራል።

እቴነሽ፦ ሲወጣስ ይውጣ። ሲወርድ ፍሬኑ ይይዛል?

ደምሌ፦ የፊተኛው ይይዛል።

እቴነሽ፦ የኋላውስ?

ደምሌ፦ የኋላው እውነትም መርከብ ላይ ነው።

እቴነሽ፦ እንግዲያው ልደውልላቸው። አቶ አለባቸውን፣ ጫማዎን በደንብ አስረው ይጠብቁን እላቸዋለሁ።