ለንግድ ሰፈር የተፈቀደ ድምፅ

ነቀምት ውስጥ ሥራዬ የሚረብሽ ድምፅ ከደንቡ ማለፍ አለማለፉን መለካት ነው። አንድ ረፋድ ቡርቃ ጃቶ ወደሚባለው ሰፈር ሄድኩ። ኦቦ ቶለራ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር፣ ከአጥራቸው ጋር የተያያዘው የእንጨት ሥራ ቤት የታመሙ ባለቤታቸውን እረፍት ነሳቸው ብለው ለሦስተኛ ጊዜ አመልክተው ነበር። መለኪያውን ከሕመምተኛዋ መስኮት ሥር አቆምኩት። መጋዙ ሲጮህ ቁጥሩ ለመኖሪያ ሰፈር ከተፈቀደው አለፈ። ኦቦ ቶለራ አይተው ፊታቸው ፈታ አለ።

«ኦቦ፣ ይህ ሰፈር በከተማው ፕላን ላይ የንግድ ተብሎ ነው የተመዘገበው። ለንግድ ከተፈቀደው ደግሞ አላለፈም» አልኳቸው። ይህንኑ ቃል በዚያ ሳምንት ለስንት ሰው እንደተናገርኩት እንጃ።

«አርባ ዓመት የኖርንበት ቤት?» አሉ ቀስ ብለው።

መጋዙ ለአፍታ ጋብ ሲል ባለቤታቸው ከውስጥ በኦሮምኛ «መሣሪያው ምን አለ?» ብለው ጠየቁ።

ኦቦ ቶለራ አንዴ እኔን አዩኝና «ሊያስቆሙት ነው» ብለው መለሱላቸው።

«ገለቶሚ ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥህ» ብለው አመሰገኑኝ ሴትዮዋ በመስኮቱ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ባልየው ግን እጄን ያዙኝ።

«አሜን» ብዬ መለኪያዬን መሸከፍ ጀመርኩ።