ለብቻ የቀረበ ሰሃን

ናይሮቢ ውስጥ አሳማ እርባታዎችን እየዞርኩ ለላቦራቶሪ ናሙና ስሰበስብ፣ ምሳ የምበላው ኪሌሌሽዋ ሰፈር፣ እትዬ የሺ ምግብ ቤት ነበር። ሥራዬን ካወቁ ወዲህ ከአገሬ ልጆች ጋር ከአንድ ትሪ አያበሉኝም፤ ለብቻዬ በሰሃን ነው የሚያቀርቡልኝ። «አትቀየመኝ፣ እጅህ አሳማ ሲነካ ነው የሚውለው» ይሉኛል።

በጾሙ መሃል ልጃቸው ታመመችና ሆስፒታል ገባች። ትኩሳቷ አልበርድ፣ መድኃኒቱ አልሠራ አለ። ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ነው ሲባሉ እኔን ጠሩኝ። «ይሄ የአሳማ በሽታ አይደለም እንዴ? እኛ አሳማ በደጃችን አልፎ አያውቅም። እሷም ጾም ከገባ ከሰላጣ ሌላ ብዙም አልቀመሰች።»

ሰላጣውን ከየት እንደሚገዙ ጠየቅኳቸው። ኬሚካል ከማይነካ ገበሬ ነው አሉኝ። ሰውዬውን አውቀዋለሁ። አሳማዎቹን ያለ መድኃኒት ያረባል፣ ፍጋቸውን ሰላጣው ላይ ይበትናል። ከእነሱም ናሙና መድኃኒት የማይበግረው ሳልሞኔላ አግኝተናል። «ከዚያ ነው ብዬ አልምልም፤ ግን ሊሆን ይችላል» አልኳቸው።

ልጅቷ በሌላ መድኃኒት ተረፈች። ከሆስፒታል በወጣች ማግስት እትዬ የሺ እጄን ይዘው ከሰዎቹ ጋር ትሪው ላይ አስቀመጡኝ። ለራሳቸው ግን በሰሃን አውጥተው ጥግ ሄዱ።

«ኑ እንጂ፣ አብረን እንብላ» አልኳቸው።

«አትቀየመኝ፣ እጄ በሽተኛ ሲያጥብ ነው የሰነበተው።»