ከየዛፉ አንድ

ካድሬያችን የተቋማችንን የዕፅዋት ስፍራ ዞር ዞር ብሎ አየና «ይሄማ ጫካ ነው!» አለ። «ነገ የበላይ ጓድ ይጎበኘናል፤ ዛፎቹ ተነቅለው በመስመር ይተከሉ!» አትክልተኛው ጋሽ ዳና ከጫሞ ዳር እስከ ጨንቻ ዞሮ ችግኝ እየለቀመ፣ ስንት ዓመት ጥላ ውስጥ ያሳደጋቸው ዛፎች ናቸው። በአርባ ምንጭ ፀሐይ ከተነቀሉ አንዱም አይተርፍም። ይህን የማውቀው መምህሩ እኔ ትእዛዙን ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ጋሽ ዳናም «እሺ ጓድ» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ሜዳው ላይ ቀጥ ያለ የዛፍ ሰልፍ ጠበቀን። እኛ ሠራተኞችም ከጎኑ ተሰልፈን አጨበጨብን። እንግዳው ደስ ብሎት አንዱን ዛፍ ቢይዘው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ።

«ሥሩ የታለ?»

ካድሬው አመድ መሰለ።

«እዚያ ጥላው ውስጥ ነው፣ ጓድ» አለ ጋሽ ዳና ቆቡን አውልቆ። «እኛ ቀበሌ ለሰልፍ ከየቤቱ አንድ ሰው ነው የሚወጣው፤ ሌላው እርሻው ላይ ይውላል። እኔም ከየዛፉ አንድ አንድ ቅርንጫፍ አወጣሁ።»

እንግዳው ሳቁን ዋጥ አድርጎ «በቃ፣ ዛፎቹን ባሉበት ተዋቸው» አለና ወደ እኛ ዞረ። «እነዚህስ?»

«እነሱን ያሰለፍኳቸው እኔ አይደለሁም፣ ጓድ።»

ማጨብጨባችንን ያቆምነው ያን ጊዜ ነው።