የውስጥ ገመድ

(ወይዘሮ ትርንጎ ከጎልማሶች ትምህርት ተመልሰው፣ ደብተራቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ፣ በአንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነውን ልጃቸውን መክብብን ያፋጥጣሉ።)

ትርንጎ፦ «ባሌ ምን አጥፍቶ ነው ከሥራ የታገደው?» አለችኝ አብራኝ የምትማረው ሽታዬ፣ ክፍል ውስጥ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። በል አንተ መልስልኝ፤ ባልደረባህ ደጀኔ ምን አጠፋ?

መክብብ፦ የመሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው እማ። አይገባሽም።

ትርንጎ፦ ፊደል ዘግይቼ ቆጠርኩ እንጂ ጆሮዬ ዘግይቶ አልበቀለም! ተናገር።

መክብብ፦ የሕሙማን ራጅ የሚቀመጥበት ማሽን ቆመ። ያን ቀን ተረኛው ደጀኔ ነበር።

ትርንጎ፦ ለምን ቆመ?

መክብብ፦ ማሽኑ ሁለት መቆጣጠሪያ አለው። አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲተካው በውስጥ ገመድ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ገመዱ ለእነሱ ብቻ ነው፤ ከቢሮው መስመር ጋር አይገናኝም።

ትርንጎ፦ ማን አገናኘው ታዲያ?

መክብብ፦ እስኪ መጀመሪያ ደብተርሽን አስቀምጪ።

ትርንጎ፦ አንተን እኮ ነው!

መክብብ፦ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።

ትርንጎ፦ ዝንቡስ አልገባም፤ የገባው የደጀኔ ልጆች እንጀራ ነው!

መክብብ፦ እኔ ነኝ! እኔ! ታመሽ አልነበር? ፈቃድ ስጠይቅ ከለከሉኝ። የማሽኑ ዋና መግቢያ ከቤት ኮምፒውተር አይከፈትም፤ የቢሮው መስመር ግን ይከፈታል። ከአልጋሽ ጎን ሆኜ ማሽኑን ልጠብቅ ብዬ የውስጡን ገመድ ከቢሮው መስመር ጋር ሰካሁት።

ትርንጎ፦ የባልና ሚስት ምክር መሃል ገበያውን ከተትክበት! ማን ማንን ይሰማል?

መክብብ፦ አልተሰማሙም። አንዱ ሌላውን ሞቷል ብሎ፣ ሁለቱም ሥራውን ሊይዙት ሲሻሙ ማሽኑ ቆመ።

ትርንጎ፦ እና የእኔ ትኩሳት የደጀኔ ዕዳ ሆነ?

መክብብ፦ ሲያጣሩ ነጻ ይወጣል ብዬ…

ትርንጎ፦ አለቆችህ አህያውን ትተው ዳውላውን ይደበድባሉ፤ አህያውም ቆሞ ያያል!

መክብብ፦ አህያ አልሽኝ?

ትርንጎ፦ ምነው አህያ በሆንክ! አህያ የጫኑትን ይሸከማል። አንተ የራስህን በሰው ጀርባ ጫንክ።

መክብብ፦ ብባረር የቤት ኪራዩስ? መድኃኒትሽስ?

ትርንጎ፦ ታምሜ ሳለሁ ኮምፒውተርህን ይዘህ ከአልጋዬ ጎን ስትሠራ ስላየሁ ጠርጥሬ፣ እሱን ሳስብ አይደል መንገዱን ሙሉ የመጣሁት! ግን ዛሬ ከሽታዬ ጎን ተነስቼ ኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዋን ፊደል እጄን ይዛ ያስጻፈችኝን ሴት ሸሸኋት፤ በአንተ! ለአለቃህ ደውል።

መክብብ፦ ነገ ጠዋት እራሴ ሄጄ…

ትርንጎ፦ አሁን! እዚሁ ፊቴ!

መክብብ፦ ሄሎ፣ አቶ ኃይለየሱስ… ገመዱን የሰካሁት እኔ ነኝ። ደጀኔ አያውቅም… አዎ፣ ብቻዬን… እሺ። ገብቶኛል።

ትርንጎ፦ ምን አለህ?

መክብብ፦ ደጀኔ ነገ ሥራ ይገባል። እኔ ከሥራ ወጣሁ።