ሆድ ካገር ሲሰፋ

ሰው ከሰው የሚገናኘው በቀጠሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ እኔና ራቢአ የምትባለው የሰበታ ጨርቅ ነጋዴ እስከ ዛሬም ባልተዋወቅን ነበር። ያገናኘን የተዘጋ መንገድ ነው። ጊዜው ጥር 2008 ዓ.ም. ነበር። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ከተሞች የሚያሰፋው ማስተር ፕላን «ቀርቷል» ተብሎ በሬዲዮ ከተነገረ ብዙም አልቆየም፤ የሰዉ ቁጣ ግን አልበረደም፤ ልጁን ቀብሮ የተቀመጠ ቤተሰብም በየሰፈሩ ነበር። የዚያ ሐዘን ታሪክ በእኔ ብዕር የሚዘለቅ አይደለም። እኔ የምነግራችሁ በዚያ ክፉ ሰሞን፣ በአንድ የሱሉልታ ቤት ውስጥ የሰማሁትን ክርክር ነው።

ስሜ እውነቱ ነው፤ ሱሉልታ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከቅጥነቴ የተነሣ «ቲቸር ጠመኔ» ይሉኛል፤ ሰምቼ እንዳልሰማሁ አልፋለሁ። ያን ዕለት ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ገና ከከተማው ሳይወጣ ቆመ። ከፊታችን መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ከሩቅ ጩኸት ይሰማል። ሾፌሩ «ወገን፣ ከዚህ ወዲያ አልሄድም፤ ውረዱ» አለን። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ሻሿን እያስተካከለች «ያ ረቢ! ሰበታ እንዴት ልገባ ነው?» አለች። ራቢአ ናት፤ ለደንበኞቿ ጨርቅ አድርሳ መመለሷ ነበር።

ምን እንደምመልስላት ሳስብ፣ ከመንገዱ ዳር ካለ ግቢ በር ላይ አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ጠቀሱን። «ኮታ፣ ሴና! ግቡ እንጂ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ ምን ይጠበቃል?» አሉ። ኦቦ ዋቆ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ተማሪዬ ስለሆነ እንተዋወቃለን። ሱሉልታ ውስጥ ከእሳቸው በላይ እንግዳ የሚወድ፣ ከእሳቸውም በላይ ክርክር የሚወድ ሰው አላውቅም።

«አካም ጅርቱ?» ተባብለን ገባን። ሳሎኑ ውስጥ የኦቦ ዋቆ ልጅ ድንቅቱ ተቀምጣለች። ወተትና ቅቤ በመነገድ የታወቀች፣ ደግነቷም እንደ ሰውነቷ የሰፋ ሴት ናት። እኛን ለመቀበል ጠረጴዛውን ተደግፋ ልትነሣ ሞከረች፤ ጉልበቷ እምቢ አላት፤ እንደገና ሞከረች። ራቢአ ፈጥና ትከሻዋን ያዘችና «በአላህ አትነሽ እህቴ! ይህን እኔ አውቀዋለሁ» አለቻት። ምን ማለቷ እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ኦቦ ዋቆ ራሳቸው ከጓዳ ጭኮ ይዘው መጡ። በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሮ ይበላዋልና፣ ለተቀላቀለ እንግዳ እንደ ጭኮ የሚመች የለም። እሳቸውም ቡጢ የሚያህል ድብልብል ሠርተው ወደ ራቢአ አፍ ሰነዘሩ።

«በሞቴ ጉረሺ!»

«አባቴ፣ እጅዎን አልመልስም። ግን የሽምብራ ፍሬ ታህል ያድርጉልኝ።»

«የሽምብራ ፍሬማ ለዶሮ ነው! ቤቴን ንቀሽ ነው?»

«ኧረ አልናቅሁም! ጨጓራዬ በኦፕራሲዮን ተቀንሶ ነው። ትልቅ ጉርሻ አይችልም።»

ኦቦ ዋቆ ጉርሻውን እንደያዙ አንዴ ራቢአን፣ አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ እኔን አዩ።

«አሃ! ተነጋግራችሁ ነው የመጣችሁት! መንገዱንም ያዘጋችሁት እናንተ ሳትሆኑ አትቀሩም!»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ድንቅቱ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ምግብ ቀንሳ፣ መድኃኒት ውጣ፣ እንደገና ምግብ ቀንሳ፣ ክብደቷ ወርዶ ተመልሶ እየወጣ ዓመታት አልፈዋል። በመጨረሻ ሐኪሞቿ ጨጓራ የሚቀንሰውን ኦፕራሲዮን መከሯት። ገንዘቡ አላስጨነቃትም፤ ያስጨነቃት የአባቷ ምርቃት ነው። እሷ «ያለ አባቴ ምርቃት ቢላ ሥር አልተኛም» ብላለች፤ አባቷ ደግሞ ላይመርቁ ምለዋል። አባትና ልጅ በዚሁ ጉዳይ ተኳርፈው ሳለ ነው እኛ የገባነው።

«መምህር፣ የተማርክ ነህና ፍረድ» አሉኝ ኦቦ ዋቆ። «ፈጣሪ የሰጠውን አካል ሰው ከፍሎ ያስቆርጣል? ደግሞስ ውፍረት ምን አደረገ? በእኛ ጊዜ የወፈረ ሰው ሲያልፍ 'ተመስገን፣ ጠግቦ አድሯል' ነበር የሚባለው።»

ጉሮሮዬን ጠራረግሁና ጀመርኩ። «ኦቦ ዋቆ፣ ውፍረት ከልክ ሲያልፍ ራሱ በሽታ ነው። ከሜታቦሊዝም አንጻር ስናየው...»

«ዝም በል! አንተን ብሎ የሥጋ መካሪ! የእንጦጦ ነፋስ እንዳይወስድህ ኪስህ ውስጥ ድንጋይ ይዘህ የምትሄድ ሰው!»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። እንኳንም ዝም አሰኙኝ፤ መናገር የሚገባት በገዛ ሰውነቷ ያየችው ነበረች።

«አባቴ፣ እኔ ከዚህች እህቴ የባስኩ ነበርኩ» አለች ራቢአ። «ሱቄ ውስጥ ጨርቅ ከመደርደሪያ ማውረድ አቅቶኝ ደንበኛው ራሱ እያወረደ ነበር የሚገዛኝ። ሰግጄ መነሣት ስላልቻልኩ ሶላቴን ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር የማደርሰው። ሐኪሙ 'ይህ ለማማር አይደለም፣ ለመኖር ነው' ሲለኝ ገባሁበት።»

«አሁንስ?»

«አሁን ግንባሬ መሬት ይነካል፣ አልሐምዱሊላህ።»

ይህቺ መልስ ኦቦ ዋቆን ነካች መሰለኝ፣ ጉርሻውን መልሰው አስቀመጡት። «ሰውስ ምን አለ?» ሲሉ ጠየቁ።

«ሰውማ ምን የማይል አለ! ስከሳ ግማሹ 'ከሰረች' አለ፤ ግማሹ 'ያ በሽታ ያዛት' አለ። አንዷ ጎረቤቴማ እያለቀሰች ሾርባ ይዛ መጣች። ምን ላድርግ፣ የታዘዘልኝም ሾርባ ነበርና ጠጣሁላት።»

እዚህ ላይ አንባቢን አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰላምታችን ሁሉ የሰው ሥጋ መመዘን የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው? የወፈረውን «ተመችቶሃል» እንላለን፤ የከሳውን «ምነው፣ ደኅና አይደለህም እንዴ?» እንላለን። ቆም ብሎ «ደም ግፊትህን ተለክተሃል ወይ?» የሚል ግን አላጋጠመኝም። ሰው እየታመመ «አማረብህ» የሚባልበት አገር ላይ መዳን ያሳፍራል፣ ይህም ያናድደኛል።

ይህን በልቤ ሳወጣ ሳወርድ የውጭው ጩኸት ቀረብ ብሎ ተሰማ። ኦቦ ዋቆ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ከተማው ይስፋ አሉ። በማን መሬት ላይ ነው የሚሰፋው? ማን ጠየቀን? መስፋት ጥጋብ ነው፣ መስፋት ዕድገት ነው ይሉናል። የሚሰፋው ግን ሌላውን እያጠበበ ነው!»

ራቢአ ጨርሰው እስኪናገሩ ጠበቀች።

«ኦቦ ዋቆ፣ አሁን የተናገሩት ስለ ከተማው ነው ወይስ ስለ ልጅዎ ሰውነት?»

«እንዴት ማለትሽ ነው?»

«ስቡም እኮ ሳይጠይቅ ነው የሚሰፋው። በጉበቷ ላይ ሰፈረ፤ በልቧ ዙሪያ ሰፈረ፤ በጉልበቷ ላይ ተጫነ። እነሱ ዕድሜዋን ሙሉ ያገለገሏት ነባር ባለይዞታዎች ናቸው፤ ማን አማከራቸው? ጉልበቷ ይኸው ሰልፍ ወጥቶ እየጮኸ ነው፤ እርስዎ ግን 'መስፋት ጥጋብ ነው' ይላሉ።»

ድንቅቱ ሳቋ አመለጣት። ኦቦ ዋቆ ከመስኮቱ ተመለሱ። «በገዛ አፌ አሰርሽኝ!» አሉ።

አፍ ቢታሰርም ግን ልብ ገና አልተረታም። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እውነተኛውን ምክንያት አወጡት።

«ወርቅቱን፣ እናቷን፣ ሆስፒታል አስገብቼ ሬሳዋን ነው የተቀበልኩት። እግሯን ቆረጧት፤ ከዚያ አልወጣችም። ሁለተኛ የእኔ ሰው ቢላ ሥር አይተኛም ብዬ ማልኩ።»

«ነፍስ ይማር። ሕመማቸው ምን ነበር?»

«ስኳር። የቆየ ስኳር። ታከሚ ስላት 'ይተወኛል፣ ይተወኛል' ትል ነበር።»

ድንቅቱ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባ፣ እኔም እኮ 'ይተወኛል' እያልኩ ነው የኖርኩት። እናቴን የገደላት ቢላው አይደለም፤ መዘግየቱ ነው። እኔን ሳልዘገይ ይልቀቁኝ።»

የኦቦ ዋቆ ዓይን እንባ አቀረረ። እኔም ሆዴ ባባና ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

«አደጋ የለውም ትዪኛለሽ?» አሉ ወደ ራቢአ።

«አልዋሽዎትም፤ ቢላ ቢላ ነው። ሐኪሙም አልዋሸኝም። ልቤን፣ ደሜን፣ ሁሉን መርምሮ፣ ሊደርስ የሚችለውን ሁሉ ነግሮኝ ነው የገባሁት። ለወፈረ ሰው ሁሉ አይታዘዝም፤ እንደ እኛ ላለው ነው። ከዚያም በኋላ ሥራው የራስ ነው። መጀመሪያ ሾርባና አጥሚት ብቻ ነው፤ ምግብ ሲጀመር ደግሞ ትንሽ ትንሹን አላምጦ፣ ውኃን ከምግብ ለይቶ፣ ቫይታሚንን ዕድሜ ልክ ወስዶ ነው። እኔ ፀጉሬ ረግፎ አልቅሻለሁ፤ በኋላ በቀለ። እንዳሻኝ ልብላ ካልኩም ክብደቱ ይመለስብኛል።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ተነሥተው ቆሙ፣ ተቀመጡ። ከዚያ ሰው እንዳይሰማቸው ያህል ወደ ራቢአ ጠጋ ብለው፣ ሁላችንም እየሰማን፣ እንዲህ አሉ።

«አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ። አገሩ ሁሉ ልጄን ሆደ ሰፊ ይላታል። ሲሰድቧት ትስቃለች፤ የሰፈሩን ጠብ ሁሉ ዋጥ አድርጋ ታሳልፋለች። 'ሆድ ካገር ይሰፋል' የተባለው ለእሷ ነው። ታዲያ አሁን ሆዷን ካጠበቡት... ሆደ ባሻ ሆና ትመለስብኛለች?»

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም፤ ሰውየው ከልባቸው ነበርና። ከዚያ ድንቅቱ ራሷ ጀመረችው፤ ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ ኦቦ ዋቆም ግራ ተጋብተው አብረው ሳቁ። እኔ እጄን እንደ ተማሪ አወጣሁ።

«ኦቦ ዋቆ፣ ይህቺ እንኳ የእኔ ትምህርት ናት። ልናገር?»

«ተናገር እስቲ፣ ጠመኔ!»

ይህን ስም ማን እንደነገራቸው አውቃለሁ፤ በፈተና እንገናኛለን።

«ሐኪሙ የሚቀንሰው ጨጓራን ነው። ትዕግሥት ያለበት፣ ነገር የሚዋጥበት ያኛው ሆድ ሐኪም በቢላ የሚደርስበት ቦታ አይደለም።»

«እንዲያውም እኔ ድሮ ነበርኩ ሆደ ባሻዋ» አለች ራቢአ። «የከፋኝን ሁሉ በምግብ ነበር የምውጠው። አሁን ቦታው ስለጠበበ ተናግሬ አወጣዋለሁ፤ ቅያሜም አይቀመጥብኝ።»

ኦቦ ዋቆ ተነሡ። ድንቅቱ ልትነሣ ስትል በእጃቸው ከለከሏት፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው ራሷን ያዙ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ዋቃዮ ይከተልሽ። በእግርሽ ግቢ፣ በእግርሽ ውጪ። የሐኪምሽን እጅ ይባርከው። እናትሽ ያላየችውን ዕድሜ አንቺ እዪው» ብለው እንትፍ እንትፍ አሉባት። እኔም ራቢአም «አሜን» አልን።

«አሁን የቀረው ትልቁ አደጋ እርስዎ ነዎት» አለቻቸው ራቢአ። «እኔ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ሠርግ ላይ አክስቴ 'በሞቴ' ብላ ያጎረሰችኝን በይሉኝታ ውጬ፣ ቀኑን ሙሉ ሲያስመልሰኝ ዋለ። ቢላው ያልጎዳኝን ጉርሻ ሊጎዳኝ ነበር።»

ኦቦ ዋቆ ከዘራቸውን አነሡ። «በዚህ ቤት እኔ እያለሁ እስቲ ማን ያጎርሳታል!»

እንዳሉትም አደረጉ። ድንቅቱ ኦፕራሲዮኑን አድርጋ በሰላም ከተመለሰች በኋላ፣ ለጥየቃ የመጣው ሁሉ ሰሃኑን በር ላይ ለኦቦ ዋቆ እያስረከበ ነበር የሚገባው። ቀላል ነበር አልልም። የጭኮ ሽታ ሲመጣባት ያለቀሰችባቸው፣ «ምን ነክቶኝ ነው ያደረግሁት?» ያለችባቸው ቀናት ነበሩ። ያን ጊዜ ወደ ሰበታ ትደውላለች፤ ራቢአም ሱቋን ለሰው ትታ ታወራታለች። ቀስ በቀስ ግን ጉልበቷ ታዘዘላት። ሐኪሟ የስኳር መድኃኒቷን ቀነሰላት። ማታ ማታ ትንፋሿ እየተቆረጠ አባቷን ያስደነግጣቸው የነበረው ማንኮራፋት ተወላት። ማለዳ ሯጮች በሚለማመዱበት ሜዳ ዳር ነጠላዋን ታጥቃ ስትራመድ አያት ነበር፤ እኔ ቀጭኑ በታክሲ፣ እሷ በእግሯ። ከዚያ ወዲህ እኔም ታክሲውን ትቻለሁ።

በዓመቱ ጥር ላይ ኦቦ ዋቆ የወንድማቸውን ልጅ ዳሩ። እኔም ራቢአም ተጠራን። ድንቅቱ እንግዳ ስታስተናግድ፣ ከቡራዩ የመጣች መሰረት የምትባል ዘመዳቸው አየቻትና በሰው ፊት ጮኸች።

«ውይ ድንቅቱ! ምነው እንዲህ አለቅሽ? ምን በላሽ? ሰው አልመስል አልሽ እኮ!»

በዙሪያው ያለው ሰው ደነገጠ። እኔ ግን ዓይኔን የጣልኩት ኦቦ ዋቆ ላይ ነው። ከዘራቸውን እንደጨበጡ የልጃቸውን ፊት ብቻ ያያሉ፤ የዓመት ጥያቄያቸው መልስ የሚያገኝበት ሰዓት ነበር።

ድንቅቱ ሳቀች። ያው የድሮ ሳቋ ነው። «ምንም አልበላኝም መሴ፤ እንዲያውም እኔ ነኝ መብላቱን የቀነስኩት» ብላ አገላብጣ ሳመቻትና ከሙሽሮቹ አጠገብ ጥሩ ቦታ ፈልጋ አስቀመጠቻት።

ኦቦ ዋቆ ለሠርጉ ከቀረበው ጭኮ ቆንጥረው ሽምብራ የምታህል ጉርሻ አድቦለቦሉ። ቀጥሎም ሁለተኛዋን ሠሩ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ የእኛ ሁለት ነው!» ብለው ልጃቸውን የመጀመሪያዋን አጎረሷትና ወደ እንግዳው ዞሩ። «እዩልኝ፤ ጨጓራዋ ጠበበ፣ ሆዷ ግን ዛሬም ካገር ይሰፋል!»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ድንቅቱ እንደታዘዘችው አላመጠች፣ አላመጠች፣ አሁንም አላመጠች። ኦቦ ዋቆም ሁለተኛዋን ሽምብራ በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ እስክትውጥ ድረስ ቆመው ጠበቋት።