የእማማ በላይነሽ ጥምቀትና የሐይቁ ጋዝ

አረፋ ማለት በስስ የውኃ ቆዳ ውስጥ የታሰረ ጋዝ ነው። ይህን ያስረዳሁት በስደት በምንኖርበት አገር፣ ዊተን ከተማ አጠገብ ባለ ሐይቅ ዳር፣ ለመጠመቅ ነጭ ለብሰው ለቆሙት ለእማማ በላይነሽ ነው። የሚያጠምቃቸው ፓስተር ቀድሟቸው ውኃው ውስጥ ሲገባ ከእግሩ ሥር አረፋ ተንተከተከ። እማማ «ውኃው አልቀበልሽም አለኝ» ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበሩ፤ እባክዎ ያስረዷቸው» አለኝ ፓስተሩ።

«እማማ፣ ከሥር የበሰበሰ ቅጠል አለ። ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጭቃው ሲረገጥ አምልጦ ወደ አየር ይሄዳል።»

«በእኔ ምክንያት አይደለም?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ያስቸኩለናል? እሱ ወጥቶ ይጨርስና እኔ እገባለሁ።»

የሚያሳምን ነገር ስለነበር ጠበቅን። ፓስተሩ እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ቆሞ በብርድ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በተንቀጠቀጠ ቁጥርም አዲስ አረፋ ይወጣል። እማማ በላይነሽ በሳምንቱ በጎረቤት ከተማ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአንድ አፓርትመንት መዋኛ ገንዳ ተጠመቁ።